ማሽኑ ዝም ያለበት ሳምንት

መጋዙ የታላቅ ወንድሜን ሦስት ጣቶች ሲወስድ አጠገቡ ቆሜ ጣውላ እየደረደርኩ ነበር። አልጮኸም። እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አየው፣ በግራው ማሽኑን አጠፋና «ጨርቅ» አለኝ። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔን ቤተሰቦቼ ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ወደ አናጺ ቤቱ ካስገቡኝ ጀምሮ ብርጭቆ ወረቀት አስይዞ ወንበር እግር ሲያሳሸኝ ኖሯል። ማሽን ላስነካህ ብሎኝ አያውቅም። ደንበኛ ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው፦ «ይሄ ሆደ ባሻ ነው። እኔ ብቆጣው ሳምንት ያኮርፋል፤ መጋዝ ቢያጉረመርምበትማ ቤት ጥሎ ይጠፋል።» ደንበኛው ይስቃል። እኔ አሻለሁ። አንዱንም ቀን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ከሐኪም ቤት ሲመለስ የጠበቅኩት ያንኑ ተሳዳቢ ሰውዬ ነው። የመጣው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አላለቀሰም፣ አልተራገመም፣ ስንጠራውም አይመልስ። ክው አልኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ባንድ ጊዜ ባዶ ይቀራል?

ሚስቱ በማንኪያ ታበላዋለች። ቢላዋውን ደበቀች፣ የሥራ ልብሱን ደበቀች። አናጺ ቤቱ ከመኝታ ቤታቸው ሥር ስለሆነ ማሽኑ እንዳይነካም አዘዘች።

«ድምፁን ከሰማ ያብድብኛል» አለችኝ።

«እትዬ፣ እንዲህ እንደ እንቁላል ስንጠብቀውስ ይድናል?»

«አንተ ደግሞ አንጀት የለህም!»

አንጀት! ለኔ አንጀት የነበረው ማን ነው?

አንድ ጠዋት ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ወረድኩና ማሽኑን አስነሳሁት። ይስማው ብዬ ነው። ያ ሁሉ ጉራ የት ገባ፣ በል ተነስ ልለው። ጣውላ አንስቼ ጠጋ አልኩ። ጉድ ፈላ! እጄ አልሄድ አለ። አሥሩም ጣቶቼ ቦታቸው አሉ፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ባዶውን ይጮኻል፤ መግፋትም ማጥፋትም አቃተኝ።

ደረጃው ላይ ባዶ እግር ሰማሁ። ጋሼ በፒጃማ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። መጋዙን ሲያይ ግድግዳውን ይዞ ጎንበስ አለና አስመለሰው። ገደልኩት አልኩ በልቤ። አፉን በክንዱ ጠርጎ ቀና አለ፤ እጄን አየ።

«አንተ፣ የተቆረጥኩት እኔ፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ?»

«አልቻልኩም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አስነሳኸው?»

«ላናድድህ ብዬ።»

ስድቡን ጠበቅኩ። «እኔም አልቻልኩም» አለ።

ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ጣቶቹ የተቆረጡ ቀን እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።

«ተኝቼ እሰማዋለሁ» አለ። «እናንተ አጥፍታችሁት እንኳ ሲጮኽብኝ ይውላል። ይሄኛው ይሻላል፤ ቢያንስ የምር ነው። በል አጥፋው።»

እንደ ምንም ብዬ አጠፋሁት።

«አስነሳው።»

«ምን?»

«አስነሳው አልኩህ!»

አስነሳሁት። ሁለታችንም እንደተተኮሰብን ዘለልን። አጥፋ አለኝ፣ አጠፋሁ። አስነሳ አለኝ፣ አስነሳሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አንድ ጊዜ ትከሻው ብቻ ዘለል አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ባሰበትና የበሩን ጠርዝ ይዞ ተቀመጠ። እንባው ይወርዳል፣ ግን «ቀጥል» ይላል። የእኔም እጅ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ማብሪያውን መሳት ግን አቆመ።

በመሀል እትዬ ደረሰች። ዘንቢሏ ወደቀ፣ ድንቹ እግራችን ሥር ተበተነ።

«ገደልከው! ይሄ ቂመኛ ባሌን ገደለው!»

ጋሼ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «አልሞትኩም። ይልቅ አንቺም ነይ ቁሚ፣ ከኛ ይልቅ አንቺ ነሽ የፈራሽው።»

 ድንቹን ረግጣ መጣችና ደህናውን እጁን ያዘች።

አስነሳሁት። እሷ ከሁለታችንም በላይ ዘለለች።

«እንደገና» አለ ጋሼ።