ጣራው በስምንት፣ ግድግዳው በሰባት

የአዮ ዘሊካ ጣራ በአርባ ወንድ ትከሻ ላይ ሆኖ ቦዩን ሲሻገር፣ ከቀበሌ ሰባት ወጥቶ ቀበሌ ስምንት መግባቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። የሁሉም ሐሳብ ውሃው ላይ ነበር። በዚያ ክረምት የቦርከና ወንዝ ከመሄጃው ወጥቶ፣ የማሽላውን ማሳ አቋርጦ፣ እስከ አዮ ዘሊካ ደጅ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። የተመለሰው ደግሞ አዝኖላቸው እንዳልሆነ የጨፋ ሸለቆ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ጅጌ ተጠራ። ለባልቴት ጅጌ ሲጠራ የሚቀር ወንድ የለም፤ የቀረ እንደሆነ በሚቀጥለው ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። በዚያ አገር ቤት ሲነሳ ግድግዳው አይነሳም። ጭቃው ከነማገሩ፣ በሩም ከነመቃኑ እዚያው ይቀራል፤ ለአዲሱ ቦታ አዲስ ይመረጋል። የሚሄደው ጣራው ነው። ከሥሩ አግዳሚ ይገባለታል፣ ወንዱ ትከሻውን ይሰጣል፣ አንድ ድምፀ መልካም ሰው ፊት ፊት እየሄደ "ሶሉ አለ ነቢ!" ሲል ጣራው ይንቀሳቀሳል። ያን ቀን ፊት ፊት የሄደው አብዶ ነበር። ደረቁን ቦታ የመረጠው እሱ፣ ምሰሶውን ያስተከለው እሱ፣ ቦዩ ዳር ሲደርሱ ያመነቱትንም "እለፉ እንጂ! ሁለት እርምጃ ነው!" ብሎ ያሻገራቸው እሱ ነው።

ይኸው አብዶ የቀበሌ ሰባት የሴፍቲኔት ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበር። ሁለቱ አብዶዎች ግን እርስ በርሳቸው ብዙም አይተዋወቁም።

አዮ ዘሊካ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል። እርከን መሥራትና ድንጋይ መሸከም ስለማይችሉ፣ መንግሥት ሥራ ሳይጠይቅ ከሚከፍላቸው አቅመ ደካሞች አንዷ ናቸው። ክፍያው ብዙ አይደለም። ግን ያችን እየተቀበሉ በራሳቸው ጣራ ሥር ያድራሉ። ያች ከቀረች መሄጃቸው ባቲ ነው፣ ልጃቸው ዙሀራ ዘንድ። ዙሀራ "ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ" ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏም ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ጨዋ በመሆኑ አማቱ ባሉበት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አማቲቱም እሱ ባለበት ተሸፋፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የጎረሱትን ሳያላምጡ ይውጣሉ። በሦስት ቀን ጉብኝት ከሲታ ሆነው የሚመለሱ ሴትዮ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዴት ሊሆኑ ነው? "አማቼ ቤት ከምጠግብ ቤቴ ብራብ ይሻለኛል" ይሉ ነበር። መራቡንም ቢሆን ግን አይወዱትም።

ችግሩ የመጣው የካቲት ላይ፣ በክፍያ ቀን ነው። ሰዉ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰልፏል። ከወረዳ የመጣው ከፋይ ስም ይጠራል፣ አብዶ አጠገቡ ቆሞ "አለ" ወይም "የለም" ይላል። አዲስ መመሪያ ወጥቷል፦ በቀበሌው የማይኖር ሰው አይከፈለውም።

"ዘሊካ ሙሳ!"

አብዶ "ለቀዋል" አለ።

አዮ ዘሊካ ከሰልፉ መሐል ሆነው "ማን ነው የለቀቀው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት፣ አዮ። ስምንት ገብተዋል።"

"ማን አስገባኝ?"

አብዶ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በሰልፉ ውስጥ የነበሩት፣ ጣራውን የተሸከሙት ወንዶችም መሬት መሬት አዩ። "እኛው ነን" አለ አብዶ በመጨረሻ። "ያ ግን በጅጌ ነው። ይሄ በመመሪያ ነው።"

በማግስቱ አዮ ዘሊካ ከዘራቸውን ይዘው ቀበሌ ስምንት ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ሙስዐብ ከኮሌጅ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት ወጣት ነው። "አካም ቡልተን፣ አዮ" ብሎ በኦሮምኛ ደህና ማደራቸውን ጠይቆ፣ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሰው አክባሪ ነው። በደንብ ካከበራቸው በኋላ ግን ኮታው መሙላቱን ነገራቸው።

"እዚህ መኖርዎን ማስረጃ አልጠይቅዎትም፤ ጣራዎን ከዚህ መስኮት አየዋለሁ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አንደኛ አድርጌ እመዘግብዎታለሁ። ቦታ የሚገኘው ግን ከተረጂዎቹ አንድ ሰው ሲሞት ነው። በወረዳው ውስጥ የትም ይሙት፣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።"

"የታመመ ሰው ሰምተሃል?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ አዮ ዘሊካ፣ ትንሽ ዘግይተው።

ከሦስት ቀን በኋላ አብዶ መጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ይዞ ነበር፤ ሚስቱም እንደዘጋችው አገር ሁሉ ሰምቷል። "አዮ፣ ዘዴ አገኘሁ" አለ። "ግድግዳዎ እኮ ሰባት ነው ያለው። በሩም አለ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ 'መኖሪያ ቤት' ይላል እንጂ 'ጣራ' የሚል የለበትም። ከወረዳ አጣሪ ባለሙያ ሲመጣ እዚያ ቤትዎ ውስጥ ካገኘዎት፣ እኔ 'አሉ' ማለት እችላለሁ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"እሱማ ሳይናገር ነው የሚመጣው።"

ስለዚህ አዮ ዘሊካ ሌሊቱን በስምንት እያደሩ ቀኑን በሰባት ይውሉ ጀመር። ጠዋት ቦዩን ይሻገራሉ፣ የአሮጌውን ቤት በር ይከፍታሉ፣ ገብተው ይዘጉታል። ግድግዳው ጉልበት ድረስ የተናደ ስለሆነ ማንም ተራምዶ መግባት ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን በበሩ ነው የሚገቡት። ቤት ነው በሚባልበት ቦታ በግድግዳ በኩል የሚገባ ሌባ ብቻ ነው። እዚያ የተቀደደ ጃንጥላ ዘርግተው ሰፌዳቸውን ሲሰፉ ይውላሉ። ከብት የሚነዱ ሰዎች ሲያልፉ "እንዴት ዋሉ አዮ፣ እንግዳው አልመጣም?" ይሏቸዋል። "በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ ባለጌ ካልሆነ አልመጣም" ይላሉ።

ባለሙያው ሚያዝያ ላይ በሞተር ብስክሌት መጣ። አብዶ ከኋላው ተፈናጦ ነበር። ባለሙያው በሩን አንኳኳ፣ ገባ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ደመና እንኳ አልነበረም።

"ጣራውስ?"

"ለእድሳት ሄዷል" አለ አብዶ።

ባለሙያው ብዙ ቤት የሚጠብቀው ሰው ነው። "በእድሳት ላይ" ብሎ ጻፈ፣ አስፈረመ፣ ሄደ። የቀረውም ክፍያ ተከፈለ። አዮ ዘሊካ ያንን በጋ ሳይራቡ ወጡት፤ ፀሐዩ ግን አንገታቸውን ልጦት ነበር።

ነሐሴ ላይ ቦርከና ባለፈው ዓመት የተወውን ሊወስድ መጣ። አዮ ዘሊካ አጣሪው ዳግመኛ ቢመጣ ብለው እዚያ መዋላቸውን አልተዉም ነበር። አንድ ጠዋት ዝናብ አስቀርቷቸው አርፍደው ቢወርዱ፣ ቦዩ ሞልቶ መሻገሪያ አጡ። ከማዶ ቆመው ያዩት ጀመር። መጀመሪያ የጓዳው ግድግዳ ሟሟ፣ ቀጥሎ የምድጃው። በሩ ብቻውን ትንሽ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ዘንበል አለና በጀርባው ተኝቶ ሄደ። ያንን ግድግዳ ባላቸው በእግሩ አቡክቶ፣ እሳቸው በእጃቸው መርገውታል። ዙሀራ የተወለደችው እዚያ ነው። ለክፍያው ሲሉ ሲቀመጡበት ከርመው፣ ቤታቸው እንደነበር የታወቃቸው አሁን ነው። ዝናቡ ውስጥ ቆመው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

አብዶ ልብሱ እየተንጠፈጠፈ መጣ። አጽናናቸው፣ እሱም ዓይኑን ጠረገ፤ ከጉያው ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

"አዮ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ነገ ይላካል፤ ግድግዳው ከሄደ ወዲያ 'አሉ' ማለት አልችልም። ከዝርዝሩ ስም ለማውጣት ሦስት ምክንያት ብቻ ነው ያለው። 'ለቀዋል' ብዬ ብጽፍ፣ ከመቼ ጀምሮ ይሉኛል፤ የተከፈለዎትን መልሱ ይላሉ፣ እኔም እጠየቃለሁ። 'ተመርቀዋል' ብል ራሳቸውን ቻሉ ማለት ነው፤ ሀብታም ተብለው ዳግመኛ የትም አይመዘገቡም።"

"ሦስተኛውስ?"

አብዶ ወረቀቱን አገላበጠው። "አዮ ዘሊካ" አለ፣ "ብገድልዎ ይቀየሙኛል?"

አዮ ዘሊካ ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ።

"ወላሂ ብለህ ነው የምትጽፈው?"

"አዑዙ ቢላህ! በማህተም ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ግደለኝ" አሉ። "ሰደቃዬን ግን በልታችሁ ዝም እንዳትሉ፤ ዱዓውን በደንብ አድርጉልኝ።" አብዶ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው።

መስከረም ሲጋመስ ሙስዐብ አስጠራቸው። ከሩቅ ሲያያቸው ተነስቶ እስከ በሩ መጣ።

"አዮ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ቦታ ተገኘ። ሰባት ውስጥ አንዲት ሴት ጎርፍ ወስዷቸው አርፈዋል።" ወረቀቱን ገለጠ። "ስማቸው..." ብሎ ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ አዮ ዘሊካን አየ፣ በመስኮቱ ወደ ጣራው አየ። ከኮሌጅ ያመጣው ትምህርት ለዚህ የሚሆን አልነበረም። የእናቱ አስተዳደግ ግን ነበረ። "ዘሊካ ሙሳ የሚባሉ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። "ያውቋቸው ነበር?"

አዮ ዘሊካ ሊስቁ ነበር፤ ግን ቤታቸው ትዝ አላቸው። በሙሽርነት የገቡት ሰባት ነው። የወለዱትም፣ ባላቸውን የቀበሩትም እዚያ ነው።

"ጎረቤቴ ነበረች" አሉ። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰባት ኖራለች። ሰው ይወዳት ነበር፤ ቤቷን በትከሻው ይሸከምላት ነበር።"

"አላህ ይዘንላቸው።"

"አሚን" አሉ አዮ ዘሊካ፣ ከልባቸው።

ሙስዐብ አዲሱን ቅጽ መሙላት ጀመረ። ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

"የቀድሞ አድራሻ ይላል፣ አዮ። ባዶ ከተተወ ከወረዳ ይመልሱታል። ሰባት ደግሞ... ሰባት ማለት አንችልም።"

አዮ ዘሊካ አሰቡ። ከሰባት ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ስማቸውን ይዞ "አዎ፣ እዚህ ነበሩ" የሚልላቸው አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። እዚያ ላለመግባት ሲሉ ነበር የሞቱት።

"ባቲ በል" አሉ። "አማቼ ቤት።"

"ለስንት ዓመት ልበል?"

"ዕድሜ ልኬን" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ።