ጥቁር ነብር በር ላይ

«ጥቁር ነብር 99» ለሁለተኛ ጊዜ አንኳኳ።

በላፕቶፑ ጥግ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ከሥሯ ‹አስገባ› እና ‹አሰናብት› የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አራሚው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አያትና ‹አሰናብት› የሚለውን ተጫነ።

«ማነው እሱ?» አለች ሚስቱ፣ ሶፋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች።

«የሐሙስ ዱርዬዎች ናቸዋ! ዛሬ ደግሞ ነብር ሆነው መጡ።»

«እስቲ ማን እንደሆነ ጠይቀው።»

«ነብር ስሙን ይጠየቃል እንዴ?»

እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። የድሮ የማተሚያ ቤት ጓደኞቹን በኢንተርኔት ሰብስቧል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈውን ተውኔት ሚና ተከፋፍለው፣ በየቤታቸው ሆነው ሊያነቡት ነው። ሐሙስ ለሙከራ ሲገናኙ ግን ሊንኩ በማን በኩል እንደሾለከ ሳይታወቅ ሦስት ጎረምሶች ገብተው ዘፈን ለቀቁባቸው። ስቶር ጠባቂዋንም «እማማ፣ ጥርስዎ የራስዎ ነው?» ብለው ጠየቋት። አራሚው ያን ዕለት የማያውቀውን ስም ላያስገባ ማለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ በሕንፃው መግቢያ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ እየወረደ ያርማል።

አምስት ይሆናሉ ብሎ አራት ሆነዋል። መጽሐፍ ሲያከፋፍሉ የኖሩት ጋሼ ሾፌሩ ካሜራውን ማስተካከል አቅቷቸው ግንባራቸው ብቻ ይታያል። ቀለም በጥባጩ ቀለሜ አለ። ስቶር ጠባቂዋም ሊፕስቲክ ተቀብታ ቀርባለች። የቀረችው እታለም ነች። ጥረዛ ክፍል ነበረች፤ ከሴቶቹ ታላቅ ስለሆነች ማተሚያ ቤቱ በሙሉ እታለም ይላታል።

«እስካሁን ካልመጣችማ አትመጣም» አለ ቀለሜ።

«መልእክት ልኬላታለሁ» አለ አራሚው። «‹አይቻለሁ› ብላ መለሰችልኝ። ምን ማለት ነው? እመጣለሁ ነው? አልመጣም ነው?»

«አይቻለሁ ማለት አይቻለሁ ነዋ!» አለች ስቶር ጠባቂዋ።

«ድሮም ቂመኛ ናት» አለ አራሚው። ካፉ ከወጣ በኋላ ቆጨው። ቂሙን ማን እንዳስቋጠራት ያውቃል።

ተውኔቱ በማተሚያ ቤቱ በዓል ላይ ሊታይ ታስቦ፣ ቤቴን አልሸጥም ብላ ከልጆቿ ጋር የምትሟገተውን እናት ስትለማመድ የከረመችው እታለም ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከሥራ በኋላ፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጠች። ድምፅዋ ወፈር፣ ዝቅ ያለ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ሰፊ። ሁለት ቀን ሲቀረው አራሚው ፈራ። ሚናውን ከእሷ ነጥቆ፣ ስትናገር ግቢው ሁሉ ለሚሰማት ለሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሰጠ። እታለም ለምን ብላ ስትጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያዘዙት» አላት። ሥራ አስኪያጁ ወሬውንም አልሰሙ። እሷም አልጮኸች፣ አላለቀሰች። በማግሥቱ የተውኔቱን ጽሑፍ ለእሱ ብላ በክር ጠርዛ፣ ጠንካራ ሽፋን አልብሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ዛሬም የሚያነበው ከዚያው ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያዘጋጀው ለእሷ ነበር። በኢንተርኔት አዳራሽ የለ፣ የኋላ ወንበር የለ፤ ዝቅ ያለ ድምፅም እኩል ይሰማል። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። ለእሷም አልነገራትም።

«እንግዲህ እንጀምር» አሉ ጋሼ ሾፌሩ። «እናትየዋን ማን ያንብባት?»

«እኔ አነባታለሁ። ስልካችሁን ድምፁን አጥፉና አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ንባብ መሀል ስልክ አልወድም» አለና አራሚው የራሱን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። «ምነው እናቴ፣ ጢም አበቀልሽሳ!» አለ ቀለሜ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቀረ። «ይህን ግድግዳ አባታችሁ ሲያቆመው ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ አራሚው፤ ዝም አለና «ለማን ነው የምለቀው?» አለ። ያችን ዝምታ እሱ አልጻፋትም። እታለም በልምምድ ጊዜ የምታሳርፋት ዝምታ ነች። ድምፁን ሳያውቀው ዝቅ አድርጎ፣ እሷ በምትቆምበት እየቆመ ነበር የሚያነበው።

ሳጥኗ እንደገና ብቅ አለች። ጥቁር ነብር 99።

«ዱርዬ እንዲህ ይታገሣል?» አለች ሚስቱ።

«ተይኝ እስቲ፣ መሀል ላይ ነኝ» አለና ቀና ሳይል አሰናበተው።

ሲጨርሱ አጨበጨቡ። ስቶር ጠባቂዋ ዓይኗን ጠረገች። ቀለሜ ስልኩን አንስቶ ድንገት አፉን ያዘ።

«ኧረ እታለም አራቴ ደውላልኛለች!»

«እኔም ጋ ደውላለች» አለች ስቶር ጠባቂዋ።

አራሚው መሳቢያውን ከፈተ። ስድስት ያልተነሳ ጥሪ፣ አንድ መልእክት፦ «አራሚ፣ ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ምስሉን አልከፍት አለኝ። በልጅ ልጄ ታብሌት ነው የምገባው። ጥቁር ነብር እኔ ነኝ፤ ክፈትልኝ።» የተላከው ከሁለት ሰዓት በፊት ነው።

መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

«ማሽኑ ነው በላት» አሉ ጋሼ ሾፌሩ። «አልታየኝም በላት። ማን ያውቃል?»

ደወለ። ወዲያው አነሳች።

«አበቃ?» አለች።

«አሁን አበቃ።»

«እናትየዋን ማን አነበባት?»

«እኔ።»

«ወይ ጉድ!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እኔ እኮ ሁሉንም ደግሜ አጥንቼው ነበር። መነጽሬን አስቀየርኩ። እታያለሁ ብዬ ፀጉሬንም ተሠራሁ። ይሁና፤ ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል። አልታየህም አይደል?»

ሚስቱ ማጠፏን አቆመች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፊትና አንድ ግንባር ይጠብቁታል፤ የላፕቶፑ ድምፅ ክፍት ነው፣ ሁሉንም ይሰማሉ። ለመዝጋት እጁን ዘረጋ። መልሶ ሰበሰበው።

«ታይቶኛል እታለም። ዱርዬ መስሎኝ ሦስቴ ያሰናበትኩሽ እኔው ነኝ። ያኔም... ያኔም ሥራ አስኪያጁ አልነበሩም። ሚናውን የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ። ድምፅሽ አይሰማም ብዬ ፈርቼ።»

«እኒያን ሰውዬ ሃያ ዓመት ስረግማቸው ኖርኩ» አለች በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ። «ሲሞቱ ቀብራቸው አልሄድኩም። ልቅሶ ድረሺ ሲሉኝ እንኳ እንቢ አልኩ።»

ስልኩ ተዘጋ።

መልሶ ደወለ፤ አታነሳም። ለታብሌቱ የሚሆነውን ሊንክ እንደገና ላከላት፤ መልስ የለም። ስቶር ጠባቂዋ አንገቷን ደፍታለች። «በሉ ደህና ዋሉ» ያለ ማንም የለም።

አራሚው መነጽሩን አስተካክሎ ስክሪኑ ላይ ከወዲያ ወዲህ ፈለገና መጠበቂያ ክፍሉን አጠፋው። ከእንግዲህ ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባል።

«ምን አደረግክ?» አሉ ጋሼ ሾፌሩ።

«በሩን ከፈትኩት።»

«ዱርዬዎቹ ቢመጡስ?»

«ይምጡ» አለ። በክር የተጠረዘውን ጽሑፍ ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሶ ተቀመጠ።