ሕዝቡ በሳቅ ተሳተፈ

ከሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ወዲህ በቢቸና የቀበሌ አዳራሽ የሚታዩት የውጭ አገር ፊልሞች በአስተርጓሚ ሆኑ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ቋንቋውን ሳይሰማ ያይ ነበር፤ በሸራው ላይ ሰው ሲያለቅስ ያዝናል፣ ሲያዳልጠው ይስቃል፣ የቀረውን ወደ ቤቱ ሲመለስ በየመንገዱ ይገምታል። አሁን ግን መምህር ፋንታ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከሸራው አጠገብ ይቆማል።

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላም ቆሞ ነበር። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። በሸራው ላይ ያረጀ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት በጨርቅ የተሸፈነ ኬክ ታቅፋ ወደ ሰርግ ቤት ትጠጋለች። በር ጠባቂዎቹ ከለከሏት፤ ገፋ ሲያደርጓትም ከነኬኳ ጭቃው ላይ ተዘረረች።

"የድሮ ባላባት ናት!" አለ ፋንታ በማጉያው። "ጠጥታ ጠጥታ፣ ሳትጠራ መጣች። እሰይ! ኬኩንም ጭቃ በላው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይርጋነሽ አልሳቀችም። ዓይኗ የሴትዮዋን እጅ ይከተል ነበር፤ እጁ የኬኩን ቁርጥራጭ ከጭቃው እየለየ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጨርቁ ይመልሳል። የሰከረ ሰው እጅ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ከጎኗ የተቀመጠችው ጀዋሂር ክንዷን ጨመቀቻት። ጀዋሂር ለገበያ ጨርቅ ይዛ ከሞጣ የመጣች የልጅነት ጓደኛዋ ናት።

"ኧረ ይርጌ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለው? እናቷ እኮ ናት! የሙሽራዪቱ እናት!"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ባለፈው ሳምንት ሞጣ አይቼዋለሁ። እዚያ የተረጎመችልን ፊልሙ የመጣበት አገር የተማረች ነርስ ናት። የሰው ልብስ እያጠበች ነው ልጇን ያስተማረቻት፤ ልጅቱ አፈረችባትና ሳትጠራት ቀረች። ወላሂ፣ እዚህ ላይ ያላለቀሰ የሞጣ ሰው የለም።"

ይርጋነሽ ፊቷን ደም ሲሞላው ተሰማት። የእሷም እናት ሞጣ ናት፤ ከገና ጀምሮ አልጋ ላይ ውላለች። ይርጋነሽ በታይፒስትነት ከምትሠራበት የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ወደዚያ ለመዛወር ያመለከተችበት ወረቀት፣ በኃላፊዋ በጓድ ገብረ ሕይወት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ሞልቶታል። የእሑዱን ውይይት የሚመራውም እሱ ራሱ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ በልማዱ መሠረት ሦስት ተመልካቾች አስተያየት እንዲሰጡ ዕጣ ወጣ። ሁለቱ "እጅግ አስተማሪ ነው" ብለው ተቀመጡ። ሦስተኛው ዕጣ የይርጋነሽ ሆነ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ስለ ፊልም አዋቂ አይደለሁም፤ እንደማንኛውም ሰው እሑድ እሑድ አያለሁ" አለች። "በመስከረም ያየነው የፖስታ አመላላሹ ፊልም አስቆናል። ሳቃችንን ሳንጨርስ ግን ያ ሰው ለራሱ አንድም ደብዳቤ ደርሶት እንደማያውቅ አየን፤ ዝም በሉ ያለን ሳይኖር ዝም አልን። ዛሬ ግን በር ላይ በተመለሰች እናት አሳቃችሁን። ሰካራም አይደለችም። ባላባትም አይደለችም። ፊልሙ አልዋሸንም፤ የዋሸን ማጉያው ነው። ይህ ሁሉ ሰው ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል።"

ፋንታ ማጉያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እትዬ ይርጋነሽ፣ እኔ ቋንቋውን የት አውቄው? የተሰጠኝ ወረቀት 'የአሮጌው ሥርዓት ትርፍራፊ' ይላል፤ በቃ።"

"የማታውቀውን ለምን ትናገራለህ?"

"ማጉያ አስይዘውኝ ዝም ልበል?"

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ጓድ ገብረ ሕይወት አልሳቀም። ስብሰባው ሲበተን ይርጋነሽን ወደ በሩ ጥግ ጠራት።

"ጓድ ይርጋነሽ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ለክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ቃለ ጉባኤ ነገ ጠዋት በታይፕ ትመቺዋለሽ። 'ሕዝቡ በሳቅ ተሳተፈ፤ ሦስቱም አስተያየት ሰጪዎች ፊልሙን አስተማሪ ብለውታል' በይ።"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም፣ ጓድ።"

"እናትሽ እንዴት ናቸው?"

"አልተሻላትም።"

"እንግዲያው ቃለ ጉባኤውን አምጪልኝ። የዝውውርሽንም ነገር አብሬ አየዋለሁ።"

ጀዋሂር ውጭ ትጠብቃት ነበር። የሆነውን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

"ጻፊለትና ነይ፣ ይርጌ። እናትሽ እንደሆኑ ቃለ ጉባኤ አያነቡ።"

"እናት ጭቃ ላይ ስትወድቅ 'አስተማሪ ነው' አልኩ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ፣ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?"

"ሳትደርሺ ብትቀሪባቸውስ? የዛሬዪቱም ሙሽራ እኮ በኩራቷ እናቷ ጋ ሳትደርስ ቀረች።"

ይርጋነሽ ቆመች። በሰው ሁሉ ላይ ሲነድ የዋለው ቁጣዋ ወደ ራሷ ዞረባት።

ሰኞ ማለዳ ከማንም ቀድማ ቢሮ ገባች። በሦስት ወረቀቶች መካከል ሁለት ካርቦን አስገብታ መምታት ጀመረች። "ሕዝቡ በሳቅ ተሳተፈ" የሚለውን አልዘለለችውም፤ ሕዝቡ በእርግጥ ስቋል። ከሥሩ ግን አዳራሽ ውስጥ የተናገረችውን አንድም ቃል ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ አሰፈረች። ስሟንም ጻፈች። ከዚያ ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ማመልከቻዋን አንስታ ከቃለ ጉባኤው ጋር በስፒል አያያዘች፤ ከታች "አባሪ፦ አንድ ገጽ" ብላ መታች፤ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይቀር ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጥታ በወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ መዘገበች።

ጓድ ገብረ ሕይወት በሦስት ሰዓት ገባ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ እጁን ዘረጋ።

"ተጻፈ?"

"ተጽፏል፣ ጓድ። የእኔ ቃል እንደተናገርኩት ገብቷል። ማመልከቻዬም አባሪው ነው፤ ሁለቱም በአንድ ፖስታ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። ቢፈርሙበትም ባይፈርሙበትም እኔ በነገው አውቶቡስ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ።"