ለበጎ የተጻፈ ደብተር

ተማሪዎቹ «እትዬ መዝገብ» ይሏታል። በትምህርት ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ በእሷ እጅ ሳይመዘገብ ክፍል የገባ ልጅ የለም። ከሌላ አገር መጥተው ቋንቋው አልጨበጥ ያላቸውን ልጆች ደግሞ ለብቻ ታስባለች። ለእነሱ ስትል የያዘቻት አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረቻት። የትምህርት ቤቱ ሳትሆን የራሷ ናት። የቋንቋ ማጠናከሪያ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ፣ ምሳ ሳይዝ የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ የማን እናት የት እንደምትሠራና በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጽፋባታለች። አሥራ አራት ልጆች ናቸው። በዚያች ደብተር ሰበብ አንዱ መነጽር፣ ሌላዋ ወፍራም ካፖርት አግኝተዋል።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ቢሮዋ ገባ። ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው።

«ከኢሚግሬሽን ቢሮ ነኝ። ከውጭ የመጡትን ተማሪዎች ዝርዝር ፈልጌ ነበር፤ ከወላጆቻቸው አድራሻ ጋር» አላት።

«እንዲህ ያለ ዝርዝር የለንም።»

አልዋሸችም። ልጅ ስትመዘግብ ዕድሜውን፣ የክትባት ካርዱንና የሚኖርበትን ሰፈር እንጂ የወላጆቹን የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። ደንቡም አይፈቅድላትም።

«እንግዲያው ማህደሮቹን ልያቸዋ።»

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል?»

«ለዚህች ለዚህች ትእዛዝ?» ብሎ ሳቀ።

«ለዚህች ለዚህች ነው እንጂ!»

ሰውየው አልተቆጣም። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ዳሰሳቸውና «ሐሙስ እንገናኝ» ብሎ ወጣ። እሷ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ወዲያው ዳይሬክተሩ ግንባሩን በመሀረብ እየጠረገ መጣ። «እህቴ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እልህ አያዋጣም።»

«እልህ አይደለም፣ ደንብ ነው። የፈረሙበትም እርስዎ ነዎት።»

ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እናቶቹን ጠራች። መጡ፤ ግን አንዳቸውም ወንበር አልያዙም፣ በሩን ተጠግተው ቆሙ። ልጆቻቸው የመማር መብታቸው በወላጅ ወረቀት እንደማይወሰን ነገረቻቸው። ትምህርት ቤቱ ስለ ፈቃዳቸው እንደማይጠይቅ፣ ቢጠየቁም መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለባቸው አስረዳቻቸው። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን ቢሮ ስልክ አስጻፈቻቸው። በመጨረሻም ካርድ አደለች፤ ወላጅ መድረስ ቢያቅተው ልጁን የሚረከበው ሰው ስም የሚሞላበት ነው።

ከእናቶቹ አንዷ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ካርዱን ይዛ ቀረች። ልጇ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«የምጽፈው ሰው የለኝም» አለች። «አንቺን ልጻፍ?»

«ጻፊኝ።»

«ሰውየው የት እንደምሠራ ያውቃል እንዴ?»

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አለቻት እትዬ መዝገብ።

ረቡዕ ጠዋት መሳቢያዋን ስትከፍት ደብተሯ በግንባሯ ተደፍታ አገኘቻት። ሁልጊዜ በገጾቹ መሀል የምትሸጉጠው እስክሪብቶ ጎን ላይ ወድቋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ነክታት ይሆናል ብላ ራሷን አባበለች። ለልብስ አጣቢዋ ልትደውል ስልኩን አነሳች፤ «ምን ልበላት? እስክሪብቶዬ ወደቀ ልበላት?» አለችና መልሳ ዘጋችው። ደብተሯን ቤቷ ወሰደቻት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ጠርጥራም ዝም አለች።

ሐሙስ ባለቦርሳው አልመጣም። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ። ተመስገን ልትል ምንም አልቀራት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወሉ ተደውሎ ግቢው ጭር ሲል ግን የልብስ አጣቢዋ ልጅ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። እትዬ መዝገብ እናትየው ወደምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አራት ሆነው መጡ። በስሟ ጠሯት። በኋላ በር እንደምትወጣ ሳይቀር ያውቃሉ።»

የኋላውን በር እትዬ መዝገብ በገዛ እጇ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። እናትየው በዚያ የምትወጣው የአውቶቡስ ማቆሚያው ስለሚቀርባት ነበር።

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። «ደብተሬን ለሰውየው ያሳዩት እርስዎ ነዎት።»

ቀና አላለም። «ፎቶ ብቻ ነው ያነሳው። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

የምትሰድበው ስድብ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣላትም። መሳቢያውን የከፈተው እሱ ነው፤ የተጻፈው ግን በእሷ እጅ ነው።

ወደ ልጅቷ ወረደች። «እማዬ ዘገየች?» አለቻት ልጅቷ።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምወስድሽ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ ተነሳች፤ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ይህን ማን እንዳስተማራት ለመጠየቅ እትዬ መዝገብ ድፍረት አጣች።

አርብ ዕለት ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ቀሩ። በየቤታቸው ሄደች። አንዱ ቤት የሕፃን ሳል እየተሰማ በሩ አልተከፈተም። በሌላው በመስኮት መጋረጃ ተገለጠና ተመልሶ ወደቀ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ መዝገብ ነኝ!» ብትልም፣ የፈሩት እሷኑ መሆኑን ያወቀችው ሦስተኛው በር ላይ ነው። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

የሕግ ድጋፍ ቢሮው ጠበቃ እናትየው የታሰረችበትን ያገኘው በአምስተኛው ቀን ነበር። ስልክ ተፈቀደላት።

«ደብተሩ የእኔ ነው» አለች እትዬ መዝገብ። «ለልጆቹ ብዬ ነበር የጻፍኩት።»

እናትየው ግን ሌላ ጠየቀች። «ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳለች?»

«ሄዳለች።»

«እንዳታስቀሪያት» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ልጅቷ አንድም ቀን አልቀረችም። እትዬ መዝገብ በዳይሬክተሩ ላይ የጻፈችው አቤቱታ መልስ ያገኘው በወሩ ነው፤ ሰውየው ወደ ሌላ፣ ከዚህ ወደሚሰፋ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከአሥራ አራቱ መማሩን የቀጠሉት አምስት ልጆች ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ወር እናትየው የፍርድ ቀጠሮዋን ከውጭ ሆና እንድትጠብቅ ተለቀቀች። በማግስቱ ወደ ቢሮው መጣች። ከስታለች። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም።

«ልጄን ስላሳደርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ማህደሯን ስጪኝ።»

«ወደ የትኛው ትምህርት ቤት ነው? እኔ ልላክላችሁ።»

«እሱን አልነግርሽም።»

እትዬ መዝገብ አልተከራከረችም። ወላጅ የልጁን ማህደር የመውሰድ መብት አለው፤ አውጥታ ሰጠቻት። እናትና ልጅ ግቢውን ሲያቋርጡ በመስኮት ተመለከተቻቸው። ልጅቷ ዞራ እጇን አወዛወዘች፤ እናቷ ግን ክንዷን ሳብ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።