ከቅንድብ የሚርቅ መነጽር

ኦርቪል የጠመንጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይንቆራጠጣል። በኦሃዮ ከአፈሙዝ ባሩድ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን የሚታደንበት ወቅት ነገ ሲነጋ ይከፈታል። አምና ዓይኑ ደክሞ አንዱን አጋዘን አቁስሎ ሰድዶ ነበር፤ ያ እንዳይደገም ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር ያስፈልገዋል።

ከርካሾቹ መካከል ሩቁን በጣም የሚያቀርበውን አንስቶ በወዲያኛው ግድግዳ የተሰቀለውን የአጋዘን ራስ አየበት።

«ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል! ቶሎ ግጠሚልኝ፤ ሳይመሽ ተኩሼ ልሞክረው።»

«ተረጋጋ፣ አጋዘኑ ቀጠሮ አልሰጠህም» አለችው ባለሱቋ ሎሪን፣ የልጅነት ጓደኛው። «የአደን ካፖርትህን ልበስ፤ ነገ የምትተኩሰው እሱን ለብሰህ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ባዶውን ጠመንጃህን ደግንና ከዚያ ግለጥ።» መነጽሩን ከጠመንጃው ላይ ያዘችለት።

ሲገልጥ ጥቁር ክብ ብቻ ታየው። አንገቱን አስግጎ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ሲያስጠጋ ነው የአጋዘኑ ራስ የታየው።

«እዚያ ተጠግተህ ብትተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረግጥህ መነጽሩ የት የሚያርፍ ይመስልሃል?» ጸጉሯን ገለጥ አድርጋ ቅንድቧ ላይ ያለውን የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ አሳየችው።

«ላም ረገጠችኝ አላልሽም እንዴ?»

«ምስኪኗ ላም ምንም አላደረገችኝም።»

የማቅረብ ኃይሉ አነስ ያለ፣ ከዓይን ራቅ ብሎም የሚያሳይ ሌላ ርካሽ መነጽር ያዘችለት። ዓይኑን ሲገልጥ አንገቱን ሳያስግግ ክቡ ሙሉ በሙሉ ብሩህ ሆኖ ታየው።

«ሽፋሽፍቱ ግን አይቆጠርም» አጉረመረመ።

«ሽፋሽፍት ልትበላ ነው?»

መነጽሩን አስገጥሞ ማምሻውን ከቤቱ ጎተራ ጀርባ ኢላማ ላይ ተኮሰ። መጀመሪያ የዳሰሰው ቅንድቡን ነው፤ ደህና ነበር። ጭሱ እስኪበተን አላስቻለውም፣ ወደ ኢላማው ሮጠ። ጥይቱ ከመሃል ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብሏል። መነጽሩን ሊያስተካክልና እንደገና ባሩድ ሊሰፍር ተጣድፎ ተመለሰ፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም።