ለሁለት ሰው የሚሆን ሩዝ

ኢስማዒል ትንሽ ድስት ባየ ቁጥር ይቀፈዋል። ዕድሜውን የጨረሰው ሁርሶ የወታደር ማሰልጠኛ ወጥ ቤት ነው፤ እዚያ ድስት ማለት ሰው ገብቶ የሚታጠብበት በርሜል እንጂ፣ ይህቺ አሁን ምድጃው ላይ የተጎለተች የሕፃን ኮፍያ የምታህል ነገር አይደለችም። ጡረታ ሲወጣ ትልቁን ጭልፋውን ይዞ መጣ። ሌላ መለኪያ አያውቅም። ለመቶ ሰው ሩዝ ይህን ያህል ጭልፋ ዘይት፣ ይህን ያህል ጭልፋ ጨው፣ አለቀ።

ሚስቱ ሃዎ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ግን ምድጃው የእሱ ሆነ። መድኃኒቷ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ እሷ ደግሞ እህል አልዋጥ ብሏታል። የመቶ ሰውን መጠን ለሃምሳ ቢያካፍሉት የሁለት ሰው ይወጣዋል፣ ምን ይከብዳል ብሎ ጀመረ። ዘይቱን የጭልፋውን ቂጥ አስነክቶ አንጠባጠበ። ሄሉን በቢላ ሰንጥቆ ግማሽ ፍሬ ጣለ። ውሃውንም እንደዚያው አካፈለ፤ ጉዱ የፈላው እዚያ ላይ ነው። ትልቅ ድስት ውሃውን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ይህቺ ግን ዞር ሳይል ጨለጠችው። ሩዙ ከላይ ጥሬ፣ ከታች ከሰል ሆነ። ሃዎ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አገላብጣ መሐረቧ ላይ ተፋችው።

በማግስቱ ውሃ ጨመረ። የወጣው ዝልግልግ ያለ፣ ሰው አንዴ በልቶ የመለሰው የሚመስል ነገር ነው። ራሱ ቀምሶት ወደ ላይ አለው። ያን ሁሉ ወታደር ያበላ እጅ ይህን ሠራ ብሎ በእጁ አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ተጸየፈው። የሚያስፈራው ግን ሩዙ አልነበረም። ሃዎ እጇን ስታነሳ አንባሯ እስከ ክርኗ መንሸራተት ጀምሯል።

ዓርብ ዕለት ትንሿን ድስት ግቢ ወርውሮ የሠርግ ድስት ተዋሰ። የፍየል ሥጋ ገዛ፣ ጭልፋውን እስከ አፉ ሞላ፣ የሚያውቀውን ሠራ። ምግብ መድፋት ሐራም ነውና ጎረቤት ጠራ፤ ዑግባድ ከነልጆቿ ከተፍ አለች። ዑግባድ ስትበላ ማየት ለእሱ ቅጣት ነው። ሩዙን በመዳፏ ትጠቀልላለች፣ ቅባቱ እስከ አንጓዋ ይወርዳል፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትጠባለች፣ ያውም በድምፅ። ልጆቿ ንፍጣቸውን በጠረጉበት እጅ ትሪው ውስጥ ይገባሉ። ኢስማዒል አንገሸገሸውና ፊቱን አዞረ።

መልሶ ሲያይ ሃዎ ከፍራሿ ተንፏቃ ትሪው ጋ ደርሳለች። ጠቀለለች፣ ዋጠች። ደገመች።

እስከ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቃት።

«አቦ አባ ጦልሃ፣» አለች በልጃቸው ስም እየጠራችው፣ አፏ እንደሞላ፣ «ለሁለት ሰው የተሠራ ምግብ የበሽተኛ ምግብ ነው። አንተም አጠገቤ ተጎልተህ አፍ አፌን ታያለህ። እንዴት ይዋጥልኝ?»

መድኃኒቷን ከነውሃው አቀበላት፤ ወሰደች። ዑግባድ የትሪውን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ፣ ጣቷን ጠብታ፣ ረዥም አገሳች።

«ዑግባድ፣» አለ ግድግዳውን እያየ፣ «ነገም ልጆቹን ይዘሽ ነይ።»