ያለ አፍንጫ የተገዛ ዓሣ

ልብስ ሰፊዋ ከከባድ ጉንፋን ከተነሳች ወዲህ ማሽተት አቅቷታል። ሽንኩርት ማረሩን የምታውቀው ጢሱን ስታይ ነው። ነገሩን አቅልላው ነበር፤ አማቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ዘንድ የተኙ ዕለት ግን ጨነቃት። ሐኪሙ፣ «ሆዳቸው ገና አልጠናም፤ የቆየ ምግብ እንዳይቀምሱ» ብሎ አስጠንቅቋል። እሳቸው ደግሞ እህል እምቢ ብለው ሰነበቱና፣ «ዓሣ ቢሆን እቀምስ ነበር» አሉ።

ባሏ ሹፌር ነው፤ መንገድ ወጥቷል። የምትልከው ሰው ብታጣ ራሷ ገበያ ሄደች።

ዓሣ ሻጩ ተገፎ የተቆራረጠውን አነሳላት። «ይኼ አጥንትም ልፋትም የለው።»

«ጭንቅላቱስ?»

«ጭንቅላት ምን ያደርግልሻል?»

«ዓይኑን ማየት ፈልጌ ነው።»

ሻጩ ፈገግ ብሎ በረዶ ውስጥ ከተቀበሩት አንዱን ሙሉ ዓሣ አወጣ። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መለሰችለት። የሁለተኛው ዓይን ጥርት ያለ ነው። ከጭንቅላቱ ጎን የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገለጥ አድርጋ አየች፤ እንደ ትኩስ ደም ቀልቷል። ጎኑን በጣቷ ጫን ስታደርገው ሥጋው ወዲያው ተመለሰ። ልቧ ግን አልረጋ አለ፤ ድሮ የምታምነው አፍንጫዋን ነበር።

ከጎኗ ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴትዮ ተራ ይጠብቃሉ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺን ያሽትቱልኝ። ለታማሚ ነው፤ እኔ ሽታ አልለይም።»

ሴትዮዋ እሷንም ሻጩንም አየት አድርገው ጎንበስ አሉና እንደ ሽቶ ሳቡት። «ውሃ ውሃ ነው የሚለው፣ ልጄ። ሌላ የለበትም።» ከዚያም ወደ ሻጩ ዞረው፣ «ለኔም ከዚሁ ወገን አውጣልኝ» አሉት።

«እማማ፣ ከነገ ጀምሮ እዚሁ ይቀጠሩልኝ» አለ እየሳቀ።

በረዶ ጨምሮ ጠቀለለላት። የትም ሳትቆም ቤቷ ገብታ አጠበችው፤ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅም አበሰለችው። አማቷ ሳህኑን ጠርገው በሉ። እሷ ግን በየሰበቡ ክፍላቸው ብቅ እያለች ፊታቸውን ስታጠና ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ከወጥ ቤት ኮሽታ ሰማች። ስትሮጥ ብትሄድ አማቷ ድስት ከፍተው ያያሉ።

«እማዬ፣ ሆድዎ እንዴት አደረ?»

«ራበው። ደሞ ስንቴ ነው የምትጠይቂኝ? መርዝ ነው እንዴ ያበላሽኝ?»

ልብስ ሰፊዋ መቃኑን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋም አመለጣት። አማቷም ምን እንዳሳቃት ባያውቁም አብረዋት ሳቁ።